ከሳፋ እስከ ባሕር፦ በ60ዎቹ ዕድሜ ስኩባ መሞከር ለሚፈሩ

ለ34 ዓመት ጂኦግራፊ አስተምሬያለሁ። ቀይ ባሕርን ጥቁር ሰሌዳ ላይ በሰማያዊ ጠመኔ ስንት ጊዜ እንደሳልኩት አላውቅም። አንድም ቀን ግን እጄን አልነከርኩበትም። ጡረታ ወጥቼ ጅማ ቤቴ በተቀመጥኩበት፣ ጅቡቲ የሚሠራው ልጄ "እማዬ፣ ነይና ባሕር እዪ፤ ውሃ ውስጥም ትገቢያለሽ" አለኝ። ስኩባ ማለቱ ነው፦ የአየር ሲሊንደር ተሸክሞ፣ እየተነፈሱ ባሕር ስር መጥለቅ። ቡና ላይ ሳወራው ጎረቤቴ "በዚህ ዕድሜሽ? ዓሣ ልትሆኚ ነው?" ብላ ሳቀች። እኔም አብሬ ሳቅኩ። ሆዴ ግን ባር ባር ብሎታል።

የመጀመሪያው ሙከራዬ አላማረም። ስድስት ወጣቶች ካሉበት ቡድን ጋር ገባሁ። ሦስት ሜትር አካባቢ ስንደርስ ጆሮዬን በሚስማር የወጉኝ ያህል አመመኝ። አስተማሪው በእጁ ምልክት "ደህና ነሽ?" አለኝ። እኔም በእጄ "ደህና ነኝ" አልኩት። ለምን? ልጆቹን ላለማስቆም። በእኔ ምክንያት የሰው ገንዘብና ጊዜ እንዳይባክን። ይሉኝታ ይዞኝ ነው በአጭሩ። ጅማ ተመልሼ ሁለት ሳምንት ጆሮዬ እንደተደፈነ ተቀመጥኩ። ሐኪሙ "ታምቡሩ አልተቀደደም፣ ግን ለጥቂት ነው የተረፍሽው" አለኝ።

ለሁለተኛ ጊዜ የሄድኩት ከስምንት ወር በኋላ ነው። በዚያ መሀል የሠራሁትን ነው እዚህ የምጽፈው። አብዛኛው የተሠራው ጅማ ውስጥ፣ ሳሎኔ ውስጥ ነው። "ባሕር እፈራለሁ" የምንለው ነገር ተበትኖ ሲታይ አንድ ፍርሃት አይደለም። አፍንጫዬ ውሃ ቢገባስ የሚል አለ። አየር ቢያልቅብኝስ የሚል አለ። ጆሮዬስ? ጉልበቴስ? መሳቂያ ብሆንስ? እነዚህን ሁሉ አንድ ላይ ተሸክሞ ባሕር የሚገባ ሰው ቢደነግጥ አይፈረድበትም። ለየብቻ ሲያዟቸው ግን አብዛኞቹ ደረቅ መሬት ላይ የሚያልቁ ናቸው። የመጨረሻው ብቻ ውሃ ውስጥም ይከተላል፤ እሱን ደጋግሜ አነሳዋለሁ።

መጀመሪያ ሐኪም

የትም ብትሄዱ፣ ከመጥለቃችሁ በፊት አዎ ወይም አይደለም እያላችሁ የምትሞሉት የጤና ቅጽ ይሰጣችኋል። ስለ ልብ፣ ስለ ሳንባ፣ ስለ አስም፣ ስለ ጆሮ ቀዶ ሕክምና፣ ስለ ስኳር ይጠይቃል። ዕድሜያችሁ ከ45 በላይ ከሆነ ደግሞ ለእናንተ ብቻ የተቀመጠ ክፍል አለ፦ ታጨሳላችሁ ወይ? ኮሌስትሮል አለባችሁ? የደም ግፊት አለባችሁ? የቅርብ ዘመዳችሁ ከ50 ዓመቱ በፊት በድንገት ሞቷል፣ ወይም የልብ ሕመም ነበረበት? ከነዚህ አንዱን "አዎ" ካላችሁ ሐኪም አይቷችሁ ካልፈረመ መጥለቅ የለም።

እኛ ሀገር "ግፊት አለብሽ?" ሲባል "ትንሽ፣ ትንሽ" ብሎ መመለስ ልማድ ነው። ቅጹ ላይ "ትንሽ" የሚባል ሳጥን የለም። አትዋሹ። ውሃ ውስጥ ስትገቡ ከእግራችሁ የነበረው ደም ወደ ደረታችሁ ይገፋል፣ ልብ ተጨማሪ ሥራ ይጨመርበታል። (ሽንታችሁ ቶሎ ቶሎ የሚመጣውም በዚሁ ምክንያት ነው፤ አትደንግጡ።) በዕድሜ በገፉ ጠላቂዎች ላይ ከሚደርሱት ሞቶች ትልቁን ድርሻ የሚይዘው ልብ እንጂ ሻርክ አይደለም። ስለዚህ ቅጹን ቀድማችሁ አስልኩና ጅማ ላይ ለሐኪማችሁ አሳዩት። የምትወስዱትን ኪኒን ሁሉ በፌስታል ይዛችሁ ሂዱ። ባሕር ዳር ደርሳችሁ "አይቻልም" ከመባል እዚህ መስማት ይሻላል።

ቅጹ ውስጥ ራሳችሁን የምትለኩበት ጥሩ መለኪያም አለ፦ 1.6 ኪሎ ሜትር በ14 ደቂቃ መራመድ። ሩጫ አይደለም፣ ፈጠን ያለ እርምጃ ነው። እኔ መጀመሪያ 18 ደቂቃ ፈጀብኝ። ከዚያ ጠዋት ጠዋት ወደ ጅሬን የሚወስደውን ዳገት ጀመርኩ። እስከ አባ ጅፋር ቤተ መንግሥት የደረስኩት ሁለቴ ብቻ ነው፤ ግማሽ መንገድ ላይ መመለስም ይቆጠራል። በሁለት ወር ተኩል 14 ገባሁ።

ጅማ ነንና ጫትን ሳላነሳ አላልፍም። ጫት የልብ ምትንና የደም ግፊትን ከፍ ያደርጋል፣ እንቅልፍም ይነሳል። የምትጠልቁበትን ሳምንት ሙሉ ተዉት። ለቡና ወዳጆች ቅጣቱ ቀላል ነው፦ በዕለቱ አቦል ላይ ቁሙ። ቶናና በረካው ከባሕር ስትወጡ ይደርሳል።

አንድ ነገር ልጨምር። እንግሊዛዊው ሬይ ዉሊ እ.ኤ.አ. በ2019፣ በ96 ዓመቱ፣ ቆጵሮስ ላርናካ አጠገብ የሰመጠችውን ዜኖቢያን መርከብ ለማየት ከ40 ሜትር በላይ ጠልቋል። ልጆቻችሁ "አረጀሽ" ካሏችሁ ይህን ንገሯቸው። ለራሳችሁ ግን መለኪያ አታድርጉት፤ ሰውየው ለአሥርት ዓመታት ሲጠልቅ የኖረ ነው። እኛ የምናወራው ስለ አምስት ሜትር ነው።

ሳፋው

ይሄ ክፍል ረዘም ይላል። ከሁሉም በላይ የጠቀመኝ ይሄ ነውና።

የሚያስፈልገው ሰፊ ሳፋ፣ ለብ ያለ ውሃ፣ ፎጣ፣ ስኖርክል (ያቺ አፍ ውስጥ የምትነከስ የመተንፈሻ ቱቦ)፣ የዋና ማስክ እና አጠገብ የሚቀመጥ ሰው ነው። ማስኩ አፍንጫን የሚሸፍን መሆን አለበት፤ ዓይን ብቻ የሚሸፍነው መነጽር ለዚህ አይሆንም። እኔ ጋ የሚቀመጠው የዘጠኝ ዓመት የልጅ ልጄ ነበር። ሥራው መቁጠር ነው። ትርፍ ሥራው መሳቅ።

ሳፋውን ጠረጴዛ ላይ አድርጉት። እኔ መጀመሪያ በርጩማ ላይ አድርጌው ነበር። የጅማ በርጩማ ለመቀመጫ እንጂ ለዚህ አልተጠረበም፤ ዝቅ ይላል፣ ወገቤን ቆረጠኝ።

በመጀመሪያው ቀን ማስኩን ተዉት። ስኖርክሉን ንከሱ፣ ከንፈራችሁን ግጠሙበትና ቁጭ እንዳላችሁ ሁለት ደቂቃ በአፋችሁ ብቻ ተንፍሱ። የሚገርመው ይሄ ራሱ ያስጨንቃል። ዕድሜ ልካችንን በአፍንጫ ስንተነፍስ ኖረን፣ አፍንጫ "እኔስ?" ይላል። ሲለመድ ፊታችሁን ውሃው ውስጥ አድርጉ። አፍንጫችሁ ክፍት ነው፣ ውሃው ይነካዋል፣ እናንተ ግን በቱቦው መተንፈስ ትቀጥላላችሁ።

እኔ ሁለት ሰከንድ ነው የቆየሁት። ውሃው አፍንጫዬን ሲነካው እንደ ሚጥሚጣ አቃጠለኝ፣ ተንፈራፍሬ ወጣሁ፣ ስኖርክሉ በረረ፣ ልጁ ልብሱ ራሰ። "አያቴ፣ ሁለት!" አለኝ። ቆጥሮ ነው። በሦስተኛው ቀን ስድስት ትንፋሽ ደረስኩ። በአራተኛው ቀን እንደገና ወደ ሁለት ወረድኩ። ይሄ ያለ ነው፣ ተስፋ አትቁረጡ።

ነገሩን የፈታልኝ ይሄ ነው። ጉንጫችሁን በአየር ንፉና ያዙት፤ ልክ ልጅ ለማሳቅ እንደምታደርጉት። አየሩ በአፍንጫችሁ አይወጣም አይደል? ጉሮሯችሁ ኋላ ላይ አንድ በር አለ፣ እሱን ዘግታችሁት ነው። ያንን በር እንደዘጋችሁ በአፍ መተንፈስ ይቻላል። መስታወት ፊት ቆማችሁ ጉንጭ ንፉ፣ በሩ የት እንደሆነ እወቁት፣ ከዚያ ወደ ሳፋው ሂዱ። እኔ በሩን ያገኘሁት ቀን 20 ትንፋሽ ቆየሁ። በሁለተኛው ሳምንት መጨረሻ ሦስት ደቂቃ ገባሁ፤ ልጁም መቁጠር ሰልችቶት ኳስ ሊጫወት ወጣ።

ቀጥሎ ማስኩ። ልበሱት፣ ታችኛውን ጠርዝ ትንሽ ከፈት አድርጋችሁ ግማሽ ድረስ ውሃ አስገቡ። ዓይናችሁ ስር ውሃ ይዋልላል። አሁን ቀና በሉ፣ የማስኩን የላይኛውን ጠርዝ በጣት ግንባራችሁ ላይ ጫን አድርጉ፣ በአፍንጫችሁ ረዘም አድርጋችሁ አስወጡ። ውሃው በታች በኩል ይወጣል። ሳፋው ላይ ሆናችሁ ሃያ ጊዜ አድርጉት። ማስክ ውሃ ማስገባቱ ባሕር ውስጥ ጀማሪን ከሚያስደነግጡት ነገሮች ዋናው ነው። ለእናንተ ግን ያኔ አዲስ አይሆንም፤ ሳሎናችሁ ውስጥ የምታውቁት ውሃ ነው።

ስለ ትንፋሽ

ሰዎች "ኦክስጅን ተሸክመው ይገባሉ" ይላሉ። አይደለም። ሲሊንደሩ ውስጥ ያለው እዚሁ የምንተነፍሰው አየር ተጨምቆ ነው፤ ሲሞላ 200 ባር (ባር የጫና መለኪያ ነው) አካባቢ ይሆናል። አፍ ውስጥ የምትነከሰው ሬጉሌተር ስትስቡ ብቻ አየር ትሰጣለች። ይህን ነገር ፈረንሳዮቹ ዣክ ኩስቶና ኤሚል ጋኛን እ.ኤ.አ. በ1943 ሠርተው ነው ተራ ሰው ባሕር ስር መተንፈስ የቻለው።

ሲደነግጡ ቶሎ ቶሎ፣ አጭር አጭር ይተነፈሳል። ያኔ "አየር አጠረኝ" የሚል ስሜት ይመጣል። አየሩ ግን አላጠረም፤ የተቃጠለው አየር ነው ውስጣችሁ የተጠራቀመው። መፍትሔው በኃይል መሳብ ሳይሆን ማስወጣት ነው። ትኩስ ቡና ላይ ቀስ ብላችሁ እፍ እንደምትሉት፣ ረዘም አድርጋችሁ አስወጡ። መሳቡ በራሱ ይመጣል። በልባችሁ እስከ አራት እየቆጠራችሁ ሳቡ፣ እስከ ስድስት እየቆጠራችሁ አስወጡ። ማታ ማታ አልጋ ላይ ተለማመዱት፤ እንቅልፍም ያመጣል።

ከዚህ ጋር የማይጣስ ሕግ አለ፦ ሬጉሌተር ነክሳችሁ ትንፋሽ አትያዙ። በፍጹም። ምክንያቱ ቀላል ነው። ከላያችን ያለው አየር ራሱ አንድ ባር ያህል ይጫነናል፤ ባሕር ውስጥ በየ10 ሜትሩ አንድ ባር ይጨመራል። 10 ሜትር ላይ የተነፋ ፊኛ ወደ ላይ ሲወጣ እጥፍ ይሆናል። ሳንባም ፊኛ ነው። ውሃው ከቁመታችሁ ባይበልጥ እንኳ፣ የሳባችሁትን አየር ይዛችሁ ተስፈንጥራችሁ ብትወጡ ሳንባ ሊጎዳ ይችላል። እየተነፈሳችሁ፣ ቀስ ብላችሁ ውጡ፤ በደቂቃ ከ9 ሜትር በላይ አይኬድም።

ጆሮ፦ የጊቤ ቁልቁለት

ከአዲስ አበባ በመኪና የመጣ የጅማ ሰው ሁሉ ይህን ያውቀዋል። ወልቂጤን አልፋችሁ ወደ ጊቤ ድልድይ ስትወርዱ ጆሮ ድፍን ይላል። ምራቅ ትውጣላችሁ፣ ታዛጋላችሁ፣ "ጧ" ብሎ ይከፈታል። ባሕር ውስጥ የሚሆነውም ይሄው ነው። ልዩነቱ ፍጥነቱ ላይ ነው። የድሮ መምህር ነኝና አሰላሁት፦ ከ1,900 ሜትር ከፍታ ወደ 1,100 ገደማ ስትወርዱ የሚጨመረው ጫና ከአንድ ሜትር ውሃ አይበልጥም። ያንን ሁሉ ጥምዝምዝ ቁልቁለት ባሕር ውስጥ በአንድ እርምጃ ትወርዱታላችሁ ማለት ነው። ለዚህ ነው ጆሮን አለመጠበቅ ዋጋ የሚያስከፍለው።

አደራረጉ፦ አፍንጫን በሁለት ጣት ያዙ፣ አፍን ዝጉ፣ በአፍንጫ ልታስወጡ እንደሆነ ቀስ አድርጋችሁ ግፉ። ጆሮ ጠቅ ይላል። በኃይል አይደለም፤ ሕፃን እንዳይነቃ ያህል። ሳይገፉ፣ አፍንጫን ይዞ ምራቅ መዋጥ ብቻ የሚበቃው ሰውም አለ። ቤት ውስጥ በቀን ጥቂት ጊዜ ሞክሩትና አንዱ ጆሮ ከሌላው የሚዘገይ መሆኑን እወቁ። የእኔ ግራው ሰነፍ ነው።

ባሕር ውስጥ የገባኝ ጊዜው ነው። ሲያምም አይደለም የሚደረገው። ገና ሳያምም፣ ከውሃው በላይ ሳላችሁ አንድ ጊዜ፣ ከዚያ በየግማሽ ሜትሩ። ጭንቅላት ወደ ላይ፣ እግር ወደ ታች ሆናችሁ ገመድ ይዛችሁ ውረዱ። አልከፈትም ካለ ቁሙ። አንድ ሜትር ወደ ላይ ተመለሱ፣ እንደገና ሞክሩ። አሁንም እምቢ ካለ በዚያን ቀን መጥለቅ የለም። ጉንፋን ከያዛችሁም የለም። የአፍንጫ መክፈቻ መድኃኒት ወስዶ መግባት ብልጠት ይመስላል፤ ውሃ ውስጥ ኃይሉ ሲያልቅ ግን ስትወጡ ሌላ ጣጣ ነው።

እኔ የመጀመሪያውን ቀን ያበላሸሁት እዚህ ጋ ነው። መቆም ሲገባኝ "ደህና ነኝ" አልኩ።

መንሳፈፍ

ለአንድ ቀን የሙከራ መጥለቅ ዋና መቻል በፈተና አይጠየቅም። ሙሉውን የጀማሪ ኮርስ ለመውሰድ ግን 200 ሜትር ያለ ሰዓት ገደብ መዋኘትና 10 ደቂቃ መንሳፈፍ ያስፈልጋል። ባይጠየቅም ተለማመዱ። ውሃ ላይ ተንጋሎ ማረፍ የሚችል ሰው ድንጋጤው ግማሽ ይሆናል። ያገኛችሁት የሆቴል ገንዳ፣ ወገብ የሚደርስ ውሃ፣ ራስን ወደ ኋላ ጣል፣ ሆድን ወደ ላይ፣ ሳንባን ሞላ። አሠልጣኝ ይያዛችሁ።

የዋና ልብስ የሚያሳፍራችሁ ካላችሁ፣ እጅና እግር የሚሸፍን ሙሉ ልብስ አለ። እኔ እሱን ነው የለበስኩት፣ ማንም ዞር ብሎ አላየኝም። ለመጥለቅማ ብዙ ሰው የሚለብሰው ከአንገት እስከ ቁርጭምጭሚት ነው።

እባካችሁ "ልምምድ" ብላችሁ ጅማ አጠገብ ያለው ቦዬ ውሃ ውስጥ እንዳትገቡ። ጉማሬዎቹ ቀድመዋችኋል። የግልገል ጊቤ ግድብም አይሆንም። በንጹሕ ገንዳ የማይገኝ ቢልሃርዚያ የሚባል በሽታም አለ።

የት፣ ከማን ጋር

ለእኛ ቅርቡ ጅቡቲ ነው፤ የታጁራ ባሕረ ሰላጤና የሙሻ ደሴቶች። (የጂኦግራፊ መምህር ዝም አትልም፦ ታጁራ የኤደን ባሕረ ሰላጤ ክፍል ነው። ቀይ ባሕር የሚጀምረው ከባብ ኤል መንደብ ሰርጥ ወዲያ ነው።) ከኅዳር እስከ ጥር ዌል ሻርክ የሚባለው ትልቅ ዓሣ ይመጣል፤ ሰው አይበላም። በሰኔና በሐምሌ ግን ሙቀቱ አያስቀርብም። የግብጹ ሁርጋዳ የጠላቂ ድርጅቶች ብዛት ስላለው ምርጫው ሰፊ ነው። ጅቡቲ ላይ አማርኛ የሚችል ሰው አይጠፋም፣ ይሄ ለጀማሪ ቀላል ነገር አይደለም።

ስልክ ደውላችሁ የምትጠይቁት፦ ለአንድ አስተማሪ ስንት ሰው ነው? ከአስተማሪው ጋር ብቻዬን ብሆን ዋጋው ስንት ነው? ከጀልባ ላይ ሳልዘል ከአሸዋው እየተራመድኩ መግባት እችላለሁ? ሲሊንደሩን ውሃ ውስጥ ታለብሱኛላችሁ? ጀልባው ላይ ለድንገተኛ የሚሆን ኦክስጅን አለ? የመጥለቅ ጉዳት የሚታከምበት ቅርቡ ቦታ የት ነው? የመጨረሻዎቹን ሁለት ስትጠይቁ የሚቆጣ ወይም የሚስቅ ድርጅት ካጋጠማችሁ ስልኩን ዝጉ።

ብቻ መሆን ወደድ ይላል። እኔ ግን ምከሩኝ ብትሉ ለሌላው ነገር ቆጥባችሁ ለዚህ ክፈሉ እላለሁ። ከጎናችሁ የሚጠብቃችሁ ወጣት ከሌለ ይሉኝታም የለም።

የሙከራ መጥለቅ ገደቡ 12 ሜትር ነው። 12 መድረስ ግዴታ አይደለም። "አምስት ሜትር ይበቃኛል" ብላችሁ ቀድማችሁ ተናገሩ። በአምስት ሜትር ብርሃኑም ቀለሙም አለ፤ ወደ ታች በሄዳችሁ ቁጥር ቀዩ ቀለም እየጠፋ ሁሉም ሰማያዊ ይሆናል።

የመጥለቂያው ቀን

ቀለል ያለ ቁርስ ብሉ፣ ውሃ ጠጡ። ሲሊንደሩ ብቻውን 14 ኪሎ ያህል ነው፣ ለመጥለቅ ወገብ ላይ የሚታሰረው ክብደትም አለ። በጉልበት በሽታ ይህን ተሸክሞ አሸዋ ላይ መሄድ ከንቱ ጀግንነት ነው። ውሃ ውስጥ ልበሱት፣ ስትወጡም መሰላሉን ከመያዛችሁ በፊት አውልቃችሁ አቀብሉ።

የንባብ መነጽር የምታደርጉ ከሆነ የአየር መለኪያውን ማንበብ ላይ ትቸገራላችሁ። ውሃ ነገሮችን በሲሶ ያህል ያተልቃል፣ ግን አይበቃም። ለእኔ አስተማሪው እያነበበ በጣቱ ያሳየኝ ነበር። መለኪያው 50 ባር ሳይደርስ ከውሃው ወጥታችሁ መገኘት አለባችሁ።

ምልክቶቹን ደረቅ ላይ ደጋግሙ። አውራ ጣትና ሌባ ጣት ገጥመው ክብ ሲሠሩ፦ ደህና ነኝ። መዳፍን ዘርግቶ ማወዛወዝ፦ ችግር አለ፤ ከዚያ ችግሩ ያለበትን በጣት ማሳየት። አውራ ጣት ወደ ላይ ደግሞ "ጎበዝ" ማለት አይደለም፤ "እንውጣ" ማለት ነው። ሁለተኛው ቀን ላይ አስተማሪዬ አንድ ነገር ሲያሳየኝ ደስ ብሎኝ አውራ ጣቴን አነሳሁለት። ይዞኝ ወጣ። ላይ ስንደርስ "እማማ፣ ምን ሆንሽ?" አለኝ። "ምንም፣ ጎበዝ ልልህ ነው።" ሳቀና እንደገና ገባን።

ከመግባታችን በፊት ግን አንድ ነገር ነግሬው ነበር። "ልጄ፣ እኔ የምዋሽ ሰው ነኝ። እያመመኝ ደህና ነኝ እላለሁ። እንደዚህ ነው ያደግነው።" እሱም "እሺ እማማ፣ ደህና ነሽ ወይ ብዬ አልጠይቅሽም። ጆሮሽን እያሳየሁ፣ ደረትሽን እያሳየሁ አንድ በአንድ ነው የምጠይቅሽ" አለኝ። ይህን ዘዴ እናንተም ጠይቁ። "እንዴት ነሽ?" ለሚል ጥያቄ አፋችንም እጃችንም "እግዚአብሔር ይመስገን" ማለት ነው የለመደው። "ግራ ጆሮ?" ሲባል ግን መዋሸት ይከብዳል።

አገባቡ እንዲህ ነበር። ወገብ የሚደርስ ውሃ ውስጥ ተንበረከክን። አምስት ደቂቃ ፊቴን ነክሬ ብቻ ተነፈስኩ፤ ሳፋዬ ናት፣ ትልቅ ሆና። ከዚያ ማስኬን ሞልቼ አጸዳሁ። ከዚያ ሬጉሌተሩን አውጥቼ መለስኩ፤ ሳወጣው ትንሽ ትንሽ አረፋ በከንፈሬ እያስወጣሁ፣ ምክንያቱም ትንፋሽ አይያዝም። ከዚያ አሸዋውን ተከትለን ቀስ ብለን ወረድን። ሁለት ሜትር ላይ ግራ ጆሮዬ ዘገየ። መዳፌን አወዛወዝኩ፣ ጆሮዬን አሳየሁ። ቆምን። ትንሽ ወጣን። ጠቅ አለ። ወረድን። አንድ ደቂቃ ፈጀ፣ ማንም አልሞተም።

ልባችሁ ድም ድም ሲል

ይመጣል። ለእኔ አራት ሜትር ላይ፣ ምንም ሳይፈጠር፣ "እዚህ ምን እሠራለሁ?" ብሎ መጣ። ያኔ የምታደርጉት ቅደም ተከተል አለው። መጀመሪያ መንቀሳቀስ አቁሙ። ድንጋይ ወይም ገመድ ወይም የአስተማሪውን ክንድ ያዙ፤ ኮራል (ድንጋይ የሚመስለው፣ ሕይወት ያለው ነገር) አትንኩ፣ ይቆርጣል፣ እሱም ይጎዳል። ከዚያ እፍ፦ ረጅም ማስወጣት፣ ሦስት ጊዜ። ከዚያ አንድ ነገር ተመልከቱ። እኔ የራሴን አረፋ አየሁ፤ ወደ ላይ ሲሄዱ እየሰፉ፣ እንደ ብር ሳህን እያብረቀረቁ። ፊኛው ማለት ይሄ ነው ብዬ አሰብኩ። ትምህርት መስጠት ስጀምር ፍርሃቱ ለቀቀኝ።

ካልለቀቃችሁ አውራ ጣት ወደ ላይ። ምክንያት መናገር አይጠበቅባችሁም። ብር ከፍያለሁ፣ ልጄ ፎቶ ይጠብቃል፣ ጎረቤቴ ትስቃለች የሚሉት ሁሉ ላይ ሆነው ይቆዩ።

ከድንጋጤ የሚለይ አንድ ነገር አለ፦ ሳትደክሙ ትንፋሽ ማጠር፣ ሳል፣ ደረት ውስጥ የመንቆርቆር ድምፅ። ይህ ሳንባ ውሃ ሲቋጥር የሚመጣ ነው፤ ግፊት ያለባቸው ትልልቅ ሰዎች ላይ ያጋጥማል። በእፍታ አይታለፍም። ወዲያው መውጣት፣ ኦክስጅን፣ ሐኪም።

መመለሻው

ይህን ብዙ ሰው ይረሳዋል፣ ለጅማ ሰው ግን ከማንም በላይ ይመለከተዋል። ስትጠልቁ ሰውነታችሁ ውስጥ ናይትሮጅን ይሟሟል፤ ቀስ ብሎ መውጣት አለበት። ቶሎ ወደ ከፍታ ከሄዳችሁ እንደተከፈተ ለስላሳ ይፈላል። ስለዚህ አንድ ጊዜ ብቻ ከጠለቃችሁ ቢያንስ 12 ሰዓት፣ ደጋግማችሁ ወይም ለቀናት ከጠለቃችሁ ቢያንስ 18 ሰዓት ሳይሞላ አውሮፕላን የለም። እኔ 24 ነው የጠበቅኩት።

"በመኪና ወይም በባቡር ብመለስስ?" የሚል ብልጥ አይጠፋም። ያው ነው። ጅቡቲ ባሕር ጠርዝ ላይ ናት፤ አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ፣ ጅማ 1,700 ሜትር በላይ። መንገዱ ራሱ ተራራ መውጣት ነው። ከደረሳችሁ በኋላ የመገጣጠሚያ ሕመም፣ መደንዘዝ፣ ያልተለመደ ድካም ወይም ማዞር ከተሰማችሁ "መንገድ ነው" ብላችሁ አትተኙ። ለሐኪሙ መጥለቃችሁን፣ መቼና ስንት ሜትር እንደነበረ ንገሩት።

ትኬት ስትቆርጡ እንግዲህ ያንን ባዶ ቀን አብራችሁ ቁጠሩት። የእኔን ባሕሩ ዳር ጥላ ስር ተቀምጬ ነው ያሳለፍኩት። ልጄ ሥራ ነበረው። ከጅማ ይዤ የሄድኩትን ቡና አፈላሁ፣ በረካው ድረስ።